ዶኛ ሩፐርታ ከነበሩበት

ስሜ ሌዮንሲዮ ይባላል፤ ጎሚስታ ነኝ፤ የፈነዳ ጎማ እጠግናለሁ። ቤቴ ማዕዘን ላይ ነው። ከሩቅ እንዲታይልኝ ብዬ አንድ ትልቅ የከባድ መኪና ጎማ ቢጫ ቀለም ቀብቼ በሩ ላይ ገትሬያለሁ። ምን ዋጋ አለው! መንገዱ ስም፣ ቤቱ ቁጥር በሌለው በማናጓ ከተማ አንድ የእግዜር ፍጡር «ከሌዮንሲዮ ጎሚስታ አንድ ብሎክ ወደ ሐይቁ» ብሎ አድራሻ ሰጥቶ አያውቅም። ሁሉም የሚለው «ዶኛ ሩፐርታ ከነበሩበት» ነው። ፖስተኛው እንዲያ ይላል፣ ታክሲ ነጂው እንዲያ ይላል፣ የገዛ ሚስቴ እንኳ ዘመዶቿን ለምሳ ስትጠራ «ዶኛ ሩፐርታ ከነበሩበት፣ እዚያው ማዕዘኑ ላይ» ትላለች። እኔ ከነጎማዬ የለሁም።

የሚገርመው ደግሞ ዶኛ ሩፐርታ አልሞቱም። ከነበሩበት ሁለት ብሎክ ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ፣ ማንጎው ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ቲስቴ ይሸጣሉ። የተቆላ በቆሎና ካካዎ አንድ ላይ ተፈጭቶ፣ በስኳርና በበረዶ ተበጥብጦ በቅል ይቀርባል፤ ቲስቴ ማለት ይኸው ነው። እንግዳ ሰው ቤታቸው የት እንደሆነ ሲጠይቃቸው ፈጽሞ አይስቁም፤ «ዶኛ ሩፐርታ ከነበሩበት ሁለት ብሎክ ወደ ሐይቁ፣ ግማሽ ብሎክ ወደ ታች» ብለው በራሳቸው መቃብር ላይ ቆመው የራሳቸውን ቤት ያመላክታሉ። አንዳንዱ የዋህ «እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር» ብሎ ያልፋል። እሳቸውም «አሜን» ይላሉ፤ ምርቃት አይመለስም ባይ ናቸው።

እኔ ሰፈሩ የገባሁት ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ ስለሆነ፣ የድሮውን ታሪክ የሰማሁት ከራሳቸው አፍ ነው። ሩፐርታና አዴልፋ ኡሮዝ የሚባሉ ሁለት እህትማማቾች ማሳያ ከሚባል ከተማ መጥተው፣ ዛሬ የእኔ ጎማዎች የተከመሩበት ቦታ ላይ የቲስቴ ቤት ከፈቱ። ሩፐርታ ከፊት፣ አዴልፋ ከጓዳ። ሩፐርታ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ከመጣው ሁሉ ጋር ምላስ ይማዘዛሉ። አንድ ቀን አንድ ኮሎኔል «ይሄ ቅል ጥቁር ነገር ይታይበታል፣ አልታጠበም» ቢላቸው፣ «ጌታዬ፣ ቅሉስ ታጥቧል፤ የሚታይዎት የጺምዎ ጥላ ነው» ብለውት ሰው ሁሉ ቲስቴው በአፍንጫው እስኪወጣ ሳቀ። ወሬው በከተማው ሲዞር ደንበኛ በዛ። ከደንበኞቹ አንዱን አገቡት። ባልየው አንድ ቀን በረዶ ገዝቼ ልምጣ ብሎ እንደወጣ ኮስታሪካ ገባ። ዶኛ ሩፐርታ እስከ ዛሬ «በረዶው መንገድ ላይ ቀልጦበት አፍሮ ነው የቀረው» ይላሉ እንጂ ክፉ አይናገሩትም።

አዴልፋ ግን ከጓዳ አትወጣም ነበር። በቆሎውን የምትቆላው እሷ፣ ድንጋዩ ላይ ተንበርክካ ካካዎውን የምትፈጨው እሷ፣ ስንት ስኳር እንደሚበቃው በምላሷ ጫፍ የምትለካው እሷ። ከመጋረጃው በታች እግሯ ይታያል፣ ቅል ስታቀብል እጇ ይታያል፤ ከዚያ በላይ ያያት ደንበኛ ጥቂት ነው። ሰውም «የሩፐርታ ቲስቴ» እያለ ጠጣ።

መሬቱ የተንቀጠቀጠው የገና በዓል ሊገባ ሲል ነው። ሩፐርታ ለበዓሉ ካካዎ ሊሸምቱ ማሳያ ሄደው እዚያው አድረዋል። አዴልፋ በቆሎ ዘፍዝፋ ቤት ቀርታለች። በማግስቱ ሩፐርታ ካካዎአቸውን በራሳቸው ተሸክመው በእግራቸው ማናጓ ሲደርሱ ግድግዳው መንገድ ላይ ተኝቷል። አዴልፋን ሰዎች አውጥተዋታል፤ መኪና መጥቶ ከሌሎቹ ሟቾች ጋር ወስዷታል። ወዴት? የሚያውቅ አልተገኘም። በዚያ ሰሞን ለጸሎት የቆመም፣ መስቀል የተከለም የለም። ዶኛ ሩፐርታ ስለ ሁሉም ነገር ቀልደው እዚህ ላይ ሲደርሱ ቀልዱን ይተዋሉ፤ «እህቴ መቃብር የላትም፣ ሌዮንሲዮ። አበባ እንኳ የማኖርበት የለኝም» ይላሉ። ያን ጊዜ እኔም መዶሻዬን አስቀምጣለሁ።

ከዚያ በኋላ የድሮው ሰፈርተኛ ተበተነ፤ አዲስ ሰው ገባ። አዲሱ ሰው ፍርስራሹን እያየ «ይሄ ምንድን ነበር?» ሲል፣ የቀሩት «ዶኛ ሩፐርታ ነበሩ» አሉት። አድራሻ ሆኖ ቀረ።

ከድሮዎቹ ከቀሩት አንዱ ፀጉር አስተካካዩ ዶን ክሪሳንቶ ናቸው። በመንቀጥቀጡ ቤታቸው ሲፈርስ መስታወታቸው ሳይሰነጠቅ መትረፉን ሰው እንዲያውቅላቸው አጥብቀው ይፈልጋሉ። ከዶኛ ሩፐርታ ጋር እንደ ዓይጥና ድመት ሆነው ኖረዋል። ወንበራቸውን ከማንጎው ጥላ ሥር ያወጣሉ፤ ዶኛ ሩፐርታ ፀጉሩ መጠጤ ውስጥ ገባ ብለው ይጮኻሉ። እሳቸው ደግሞ በየቀኑ አንድ ቅል ቲስቴ ያዝዙና አንድ ጊዜ ፉት ብለው፣ «ይሄ ቲስቴ አይደለም፤ ቲስቴ የተሠራበት ዕቃ እጣቢ ነው» ይላሉ። «ታዲያ ማን ጠጣ አለህ?» ይባላሉ። ነገ ደግሞ ይመጣሉ። እውነት ለመናገር፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ የዶኛ ሩፐርታ ቲስቴ ቀጭን ነው።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው እንዲህ ተዘናግተን ሳለን ነው። የከተማዪቱን ስመ ጥር ሰዎች፣ የድሮ ሱቆችና ምልክት የሆኑ ቦታዎች ለማስታወስ አንድ ማኅበር ተቋቋመ። በየሰፈሩ አንድ የድንጋይ ሰሌዳ ሊተክሉ ነው። ሰሌዳው የሚተከለው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ሰው ከሞተ አሥር ዓመት ያለፈው መሆን አለበት። የማኅበሩ ጸሐፊ ኤርዊን ቲኸሪኖ የሚባል፣ ሸሚዙ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሰካ ጨዋ ልጅ ነው። ሰፈራችን መጥቶ ያገኘውን ሁሉ ጠየቀ። ሁሉም «ዶኛ ሩፐርታ ከነበሩበት» እያለ መለሰለት። ማን ይጠርጥር? ነበሩ ከተባለ ነበሩ ነው። ድንጋዩን አስቀረጸው።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሟቿ ጥቂት ነገር ላጠናቅር ብሎ ማንጎው ሥር የተቀመጠው። ቲስቴ አዘዘ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

«እናቴ፣ ዶኛ ሩፐርታ ኡሮዝን ያውቋቸው ነበር?»

«ከእኔ አብልጦ የሚያውቃቸው የለም» አሉ ዶኛ ሩፐርታ፣ በረዶ እየከሰከሱ።

«ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«ቆንጆ።»

«ጠባያቸውስ?»

«መልአክ ናቸው ብዬ አልዋሽህም። ግን የሰደቡት ሰው ሁሉ ይገባው ነበር።»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። እኔ ሳቄን ለማፈን ወደ ግንዱ ዞሬያለሁ። ዶኛ ሩፐርታ ቀልዱን ጨርሰው ራሳቸውን ሊያስተዋውቁ ነበር፤ ኋላ ነግረውኛል። ነገር ግን ልጁ ሰሌዳው ማዕዘኑ ላይ እንደሚተከል፣ ቄስ መጥቶ እንደሚባርከው፣ አበባም እንደሚቀመጥ ሲናገር ፊታቸው ተለወጠ። በረዶውን ተዉት።

«አዴልፋ የምትባል እህት ነበረቻቸው» አሉት። «እሷንስ አብራችሁ አታስገቧትም?»

ኤርዊን ትሕትና ያለው ልጅ ነው፤ ሰፈሩን ሁሉ ጠይቆ ስሟን የጠራ ሰው አለመኖሩን፣ ደንቡም አንድ ሰው ብቻ እንደሚል ነገራቸው። በዚያ ላይ ድንጋዩ ተቀርጿል። ዶኛ ሩፐርታ ሂሳብ አልተቀበሉትም፤ ልጁም አመስግኖ ሄደ።

ወሬው ወዲያው ተዛመተና ሰፈርተኛው ሁሉ የእኔ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ድንጋዩን ፈልጓል። ዶኛ ሩፐርታ በሕይወት መኖራቸው ከታወቀ ድንጋዩ ከሐዲዱ ማዶ ላለው ሰፈር፣ ለአንድ ሟች ቢራ ሻጭ መሄዱ ነው። የእነዚያን ጉራ ማን ይችለዋል? ስለዚህ ሄደን ለመንናቸው። ድንጋዩ እስከሚተከልበት እስከ ቅዳሜ ብቻ ይሙቱልን አልናቸው። ሚስቴ «ዝም አይነቅዝም፣ ዶኛ ሩፐርታ» አለቻቸው። ዶን ክሪሳንቶ ብቻ ግንባራቸውን ቋጥረው ከጎን ቆመው ነበር። «እሷና ዝምታ የት ይተዋወቃሉ?» ብለው ምላጫቸውን መሳል ጀመሩ።

ዶኛ ሩፐርታ ብዙ አሰቡ። ከዚያ እንዲህ አሉን፦ በሕይወት አለሁ ብል ድንጋዩ ይሄዳል፤ ማዕዘኑም እንደ ድሮው ባዶውን ይቀራል። ዝም ብል ግን እህቴ በሞተችበት ቦታ «ኡሮዝ» የሚል ስም ይጻፋል፤ ግማሽ ስሟ ነው። ግማሽ መቃብር ከምንም ይሻላል። እሺ፣ ሞቻለሁ። ይህን ሲሉ አልቀለዱም፤ እኔም በልቤ ከቢራ ሻጩ ሰፈር ጋር ድንጋይ መሻማታችን አሳፈረኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጎማዎቼን ገለል አድርጌ ቦታ ለቀቅሁ። ድንጋዩ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ቄሱ መጡ፣ የማኅበሩ ሰዎች ዣንጥላ ይዘው መጡ። ዶኛ ሩፐርታን ከቤት እንዳይወጡ አጥብቀን ነግረናቸው ነበር። ማን ሊሰማ! ቲስቴአቸውን በባልዲ ይዘው ከተፍ አሉ፤ በገዛ ተዝካራቸው ላይ ገበያ ደራላቸው። ቄሱም ጠጡ። አንዲት የማኅበሩ እመቤት «ሟቿ የሚሠሩት እንዲህ ያለ ነበር?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ «ከዚህ በጣም ይሻል ነበር» ብለው እውነቱን ነገሯት።

ኤርዊን ጨርቁን ሲገልጠው «ሩፐርታ ኡሮዝ እዚህ ነበሩ» የሚል ወጣ። አጨበጨብን። ባለ ስሟም አጨበጨቡ። ከዚያ ልጁ፣ ሟቿን በአካል የሚያውቁ የሰፈሩ ሽማግሌ ጥቂት ይናገሩ ብሎ ዶን ክሪሳንቶን ጠራ። ሰውዬው የዕድሜ ልክ ስድባቸውን በቄስ ፊት ሊያወርዱት ነው ብዬ ሚስቴን አየኋት፤ እሷም ዓይኗን ጨፍናለች።

ዶን ክሪሳንቶ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ማሞገስ ጀመሩ። ከተማው የዚያን ዓይነት ቲስቴ ቀምሶ እንደማያውቅ፣ እስከ ዛሬም ጣዕሙ ከአፋቸው እንዳልጠፋ ተናገሩ። እኛ ተንፈስ አልን። ዶኛ ሩፐርታም መጀመሪያ ላይ አገጫቸውን ቀና አድርገው ይሰሙ ነበር።

«ያንን በቆሎ ማን ቆላው?» አሉ ዶን ክሪሳንቶ። «ሩፐርታ። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ጭሱ ዓይኗን እያቃጠላት፣ በገዛ እጇ።»

ዶኛ ሩፐርታ ቅላቸውን ባልዲው ላይ አስቀመጡ።

«ካካዎውንስ ማን ፈጨው? ሩፐርታ። ድንጋዩ ላይ ተንበርክካ፣ ጉልበቷ እስኪላጥ። ሌላ ማንም አላገዛትም። ብቻዋን ነበረች።»

«ውሸት ነው» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ሁላችንም ዞርን። ዶን ክሪሳንቶ ብቻ አልዞሩም።

«ሩፐርታ ጎህ ሲቀድ ተነስታ አታውቅም» አሉ ዶኛ ሩፐርታ። «አንዲት የበቆሎ ፍሬ ፈጭታ አታውቅም። ባንኮኒው ላይ ተጋድማ ስትለፈልፍ ነው የምትውለው።»

እመቤቲቱ ተቆጥታ፣ ስለ ሙት እንዲህ አይወራም፤ ደግሞስ በምን ያውቃሉ አለቻቸው።

«እኔ ነኛ! ሩፐርታ እኔ ነኝ፤ ይኸው በቁሜ። እዚህ ጋ የሞተችው እህቴ አዴልፋ ናት። በቆሎውን የቆላችው እሷ ናት፣ የፈጨችው እሷ ናት፣ ግድግዳው የወደቀባት እሷ ናት። ስሟን ብትወስዱባት እሺ አልኳችሁ። ጉልበቷን ግን አልሰጣችሁም።»

ከዚያ አለቀሱ። በባልዲያቸው ጫፍ ተደግፈው፣ መሐረብ ሳይፈልጉ፣ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ከተማ ሙሉ ሰው ያልሞተችውን እህት ቀብሮ፣ የሞተችውን ደግሞ ስሟን እንኳ ሳይጠራ እንደኖረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በየቀኑ የቆምኩት እሷ በሞተችበት ላይ ነበር። ሚስቴ ሄዳ አቀፈቻቸው።

ኤርዊን ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ወረቀቱን እያገላበጠ፣ እናቴ፣ እርስዎ እኮ ከሞቱ ቆይተዋል፣ በደንብ አጣርተናል ይላል። ዶኛ ሩፐርታ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ የጠጣሃትን ቲስቴ ማን የሸጠልህ መሰለህ?» ሲሉት ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ ቄሱ ሳይቀሩ። በደንቡ መሠረት በሕይወት ያለ ሰው ሰሌዳ አይገባውም፤ ልጁ ድንጋዩን ከግድግዳዬ ፈታ። ከሐዲዱ ማዶ ሊወስደው ነው ብለን አንገታችንን ስንደፋ፣ ድንጋዩን እንደታቀፈ ቆመና ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ «አዴልፋ ኡሮዝን የሚያውቅ አለ?» ብሎ ጠየቀ። አንድ ሳይቀር እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ። ያወቅናት አሁን ቢሆንም አወቅናት።

ሁሉም ከተበተነ በኋላ ዶኛ ሩፐርታ ወደ ዶን ክሪሳንቶ ሄዱ። እኔ ጎማዎቼን ወደ ቦታቸው እያንከባለልኩ ነበር።

«ማን እንደሚፈጭ አሳምረህ ታውቃለህ» አሏቸው። «ምን ሆነህ ነው የዋሸኸው?»

«አንቺ ስድብ እንደ ውሃ ትጠጫለሽ፣ ሞትም ቢሆን ትችያለሽ» አሉ ዶን ክሪሳንቶ። «የእሷን ምስጋና ተሸክመሽ ግን እንደማትሄጂ አውቃለሁ።»

«ስሟን ራስህ አትጠራም ነበር?»

«እኔ ምኗ ነኝ? በመጋረጃው ሥር እጇን እያየሁ ቲስቴ የምጠጣ ሰው ነበርኩ።» ባርኔጣቸውን አዙረው አዙረው አዩት። «ገና ይለፍና ለትዳር ልጠይቃት ብዬ ነበር።»

ዶኛ ሩፐርታ ሄደው የቀረችውን ቲስቴ በቅል ቀድተው ሰጧቸው። እሳቸውም ጠጥተው እንደ ልማዳቸው እጣቢ ነው አሉ፤ ግን እስከ ታች ጨለጡት።

ድንጋዩ እንደ አዲስ ተቀርጾ ተመልሷል። «አዴልፋ ኡሮዝ እዚህ ነበረች» ይላል። ዶኛ ሩፐርታ በየሳምንቱ አበባ ያኖሩበታል፤ ውሃ የሚያጠጣው ጎሚስታው ነው። ይሁን እንጂ ልማድ በቀላሉ አይለቅም፤ ሰው ለብዙ ጊዜ «ዶኛ ሩፐርታ ከነበሩበት» ማለቱን አልተወም። እሳቸውም ማንጎው ሥር ሆነው «ሩፐርታ እዚህ ነው ያለሁት! እዚያ የነበረችው አዴልፋ ናት!» እያሉ አላፊ አግዳሚውን ሲያርሙ ዋሉ፣ ከረሙ። የሰማቸው አልመሰለንም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሰሌዳውን ወሬ የማያውቅ፣ ከቺናንዴጋ የመጣ የታክሲ ነጂ ማንጎው ሥር አቆመ። ዕቃ የሚያደርስበት ቤት ጠፍቶበታል። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «እናቴ፣ አዴልፋ ከነበረችበት አንድ ብሎክ ወደ ላይ የሚሉት የቱ ጋ ነው?» አላቸው።

ዶኛ ሩፐርታ ቅል በእጃቸው እንደያዙ ወደ ማዕዘኑ ዞረው ቀሩ። ልጁ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። በመጨረሻ ዶን ክሪሳንቶ የሚላጨውን ሰው በሳሙናው ትተውት ከወንበሩ አጠገብ መጡና፣ መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ቀስ አድርገው መንገዱን አሳዩት።